ወንድሜ ሲወረውር አይስትም፤ ቤዝቦል እንጀራ ይሆነዋል?

የጣና ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ 15 ዓመቱ ነው። ደምቢያ አያታችን ጋ እህል ሲጠብቅ ወፏን ያለ ወንጭፍ፣ በባዶ እጁ ነው የሚያባርራት። አሜሪካ ያለው አጎታችን ይህን ሰምቶ የቤዝቦል ጓንትና ኳስ ላከለት። «ሚሊየነር ይሆናል» አለን። ልጁ አሁን ትምህርት አስጠላኝ እያለ ነው። እማዬ ጨንቋታል። የዚህ ስፖርት ሕይወት በእርግጥ እንዴት ነው?

ጋሽ ታክሲ፦
ሲያትል ታክሲ ስነዳ ዘመኑ የቤዝቦል ተጫዋቹ የኢቺሮ ነበር። ጃፓናዊው እ.ኤ.አ. በ2001 መጥቶ በዚያው ዓመት የሊጉ ኮከብ ሆነ። ተሳፋሪው ሁሉ ወሬው እሱ ነው። ግን ከዚያ በፊት አገሩ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት በፕሮፌሽናል ደረጃ ተጫውቷል። አጎትህ ይህን አልነገረህም መሰለኝ።

ለወንድምህ የሚቀርበው ግን ጊፍት ንጎፔ ነው። ደቡብ አፍሪካዊ፣ ከአፍሪካ ምድር ተወልዶ ሜጀር ሊግ፣ ማለትም የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ፣ የገባ የመጀመሪያው ሰው። እናቱ የምትሠራው አንድ የቤዝቦል ክለብ ውስጥ ነበር፤ እዚያው ክፍል ተሰጥቷቸው ኖሩ። በ2008 ፒትስበርግ የሚባለው የአሜሪካ ቡድን አስፈረመው። ከዚያ? የታች ሊጎች። ሌሊት በአውቶቡስ መጓዝ፣ የቤት ኪራይ በቅጡ የማይሸፍን ደሞዝ። ዋናው ሜዳ ላይ የቆመው ሚያዝያ 2017 ነው፤ 27 ዓመቱ! የመጀመሪያ ተራው ሲደርስ ጆን ሌስተር የተባለ ስመ ጥር ወርዋሪ የወረወረውን ኳስ መትቶ ቤዝ፣ ማለትም መቺው ሮጦ የሚደርስበት ማረፊያ፣ ደረሰ። ሆኖም በሜጀር ሊግ የተጫወተው በጠቅላላው 41 ጨዋታ ነው። እኔ ይህን ውድቀት አልለውም። እናትህ ግን ቁጥሩን ትወቀው።

የስፖርት መምህር፦
ክንዱን ጠብቁለት። ወርዋሪው የሚቆመው ከመቺው 18.44 ሜትር ያህል ርቆ ነው፤ ከዚያ በሙሉ ኃይል ደጋግሞ መወርወር የክርን ጅማት ይበጥሳል። አሜሪካኖቹ በ15 እና 16 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ95 ውርወራ በላይ እንዳይሆን ይመክራሉ፤ ብዙ ከወረወረ ደግሞ ቀናት ያርፋል። እዚህ አብሮት የሚጫወት ቡድን ከየት ይመጣል? እስከዚያው እጅ ኳስ ይጀምር። ክንድም ዓይንም ይሠራበታል። ደግሞ ትምህርት ቤት ሳይሄድ ማንም አያሠለጥነውም፤ እኔ በበኩሌ ቀሪ ልጅ አልቀበልም።

የጣና ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። 41ዱን ጨዋታ ብነግረው «ሌስተርን መታው አይደል?» ብቻ ነው ያለኝ። እጅ ኳሱን ግን እሺ ብሏል። ጋሼ፣ ባሕር ዳር ካሉ አንድ ቀን ያዩልኛል?

ጋሽ ታክሲ፦
አለሁ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ጓንቱን ይዞ ይምጣ። ቁጭ ብሎ ኳሱን የሚቀበል ሰው ግን እናንተ ፈልጉ፤ የኔ ጉልበት ሲያትል ታክሲ ውስጥ ቀርቷል።