ኤሲሲኤ (የሒሳብ ባለሙያነት ፈተና)፦ መሥሪያ ቤቴ ይክፈል ወይስ ከኪሴ?

የሌስተሯ፦ ሰላም ለሁላችሁ። መሥሪያ ቤቴ የኤሲሲኤን ወጪ እንሸፍናለን ብሎ ውል ሰጥቶኛል። ጨርሼ በ2 ዓመት ውስጥ ከለቀቅኩ ግን ሙሉውን መመለስ አለብኝ። ልፈርም ወይስ ከኪሴ ልክፈል?

መዝገብ ያዥ፦ እህቴ፣ «ሙሉውን» የምትለዋን ቃል ሳታስለውጪ እንዳትፈርሚ። ዕዳው በየወሩ እየቀነሰ ይሂድ፤ በ24 ወር ከሆነ፣ 12 ወር ሠርተሽ ስትለቂ ግማሹን ብቻ ትመልሻለሽ። ቆጠራው ከየት እንደሚጀምርም ጠይቂ። ከእያንዳንዱ ፈተና ከሆነ ደህና፤ ከመጨረሻው ከሆነ ግን 13ቱን የኤሲሲኤ ፈተናዎች እስክትጨርሺ የሠራሽበት ጊዜ ሁሉ አይታሰብልሽም። እነሱ ከሥራ ከቀነሱሽ እንደማትከፍይ በጽሑፍ ይስፈር። ብትወድቂስ ድጋሚውን ማን ይከፍላል? ብዙ ቀጣሪ የመጀመሪያውን ሙከራ ብቻ ነው የሚሸፍነው።

የማንችስተሩ፦ ለምን በአፕረንቲስሺፕ (እየሠሩ በመማር) አትገባም? መንግሥት ይከፍላል እኮ።

መዝገብ ያዥ፦ ያ በር ጠቧል ወንድሜ። ኤሲሲኤ ያለበት የደረጃ 7 አፕረንቲስሺፕ በእንግሊዝ ከጃንዋሪ 2026 ወዲህ ለአዲስ ገቢ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኘው በመሠረቱ ከ16 እስከ 21 ዓመት ላሉት ነው። ደረጃ 3 እና 4 ግን በዕድሜ አልተገደቡም፤ የኤኤቲን (የሒሳብ ቴክኒሻኖች ማኅበርን) ደረጃ 4 የጨረሰ ሰው የኤሲሲኤን የመጀመሪያ 3 ፈተናዎች አይወስድም። በአፕረንቲስሺፕ የተከፈለ የሥልጠና ወጪ ደግሞ ከሠራተኛው አይመለስም፤ ደንቡ ይከለክላል።

የበርሚንግሃሟ፦ የሀገር ቤት ዲግሪ ካለሽ ትራንስክሪፕቱን ለኤሲሲኤ ላኪላቸው። እስከ 9 ፈተና ኤግዘምፕሽን (ከፈተና ነፃ መሆን) ልታገኚ ትችያለሽ፤ የመጨረሻዎቹ 4 ግን አይቀሩም። እያንዳንዱ ኤግዘምፕሽን ክፍያ አለው፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ውሉ ውስጥ አስገቢው። የኤሲሲኤ ዓመታዊ መዋጮ ጃንዋሪ 1 ስለሚጠየቅ በዓመቱ መጨረሻ የተመዘገበ ወዲያው ሌላ ክፍያ ይመጣበታል። ለፈተናም ቀድመሽ ተመዝገቢ፤ በመጨረሻው ሰዓት ይወደዳል።

የማንችስተሩ፦ ከኪሷ ብትከፍል ማንም አይይዛትም። ወደ ቤት የምትልከውን ለ2 ዓመት አቁማ ትማርበት፤ ስትጨርስ እጥፉን ትልካለች።

የበርሚንግሃሟ፦ እናት የወር አስቤዛዋን 2 ዓመት ታቆያለች እንዴ? ቀጣሪ ልክፈል እያለ ከቤተሰብ ጉሮሮ አይነጠቅም።

የማንችስተሩ፦ ውሉ እግር ብረት ከሆነስ? ገበያው እየከፈለ እሷ በድሮው ደመወዝ ብትቆይ የምታጣው ከፈተናው ክፍያ አይበልጥም?

የበርሚንግሃሟ፦ እሱ በድርድር ይስተካከላል። የተቋረጠ ተቆራጭ ግን በማን ይስተካከላል?

የሌስተሯ፦ የድጋሚ ፈተና ነገር ውሉ ላይ የለም። መጀመሪያ አለቃዬን ልጠይቅ ወይስ በቀጥታ ኤችአርን (የሰው ኃይል ክፍሉን)?