የመረጃ መሰብሰቢያ ፈንድ ፕሮፖዛል፦ አስተያየት እስከ ዓርብ

ጸሐፊ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15)
ረቂቅ 3 ተያይዟል። ዓርብ ይላካል። ጥያቄው ያው ነው። የባዮስታቲስቲክስ ማስተርስ ሁለተኛ ዓመቶች ለቴሲሳቸው የራሳቸውን መረጃ እንዲሰበስቡ ለአንድ ተማሪ 40 ሺህ ብር፣ ለ10 ተማሪ። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ስንት ዓመት ኢዲኤችኤስን (የኢትዮጵያን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት) ስናልብ ኖርን። በ2025 መጀመሪያ ጥናቱን የሚደግፈው የአሜሪካ ገንዘብ ሲቋረጥ በሩ ላይ ቆመን ቀረን። ገጽ 4 ላይ በጀቱን እዩልኝ።

ገንዘብ ያዥ (2፡31)
የ10 ተማሪ 400 ሺህ ነው። ገጽ 4 ግን 440 ይላል። 40ው ምንድን ነው?

ጸሐፊ (2፡33)
ሻይ ቡና፣ ኅትመት፣ ትራንስፖርት።

የጅማዋ (2፡50)
ገጽ 1 ላይ "2025" ይላል፣ ገጽ 4 ላይ "ከጥር እስከ ሰኔ 2018"። በየትኛው ዘመን ነው የምንጽፈው? ወጥ ይሁን። እኔ ሁሉም በእኛ ይሁን ባይ ነኝ።

ዲሲ ያለሁት (3፡02)
በፈረንጆቹ ይሁን። የሚያነበው ፈረንጅ ነው። "2018" ሲያይ ያለቀ ሥራ ነው የሚመስለው። ያለፈው ፕሮፖዛል ምን ተብሎ እንደተመለሰ ረሳችሁት?

የጅማዋ (3፡04)
አልረሳነውም። የተመለሰው በበጀቱ ነው እንጂ በቀኑ አይደለም። ስብሰባው ላይ አንተ አልነበርክም።

የሃዋሳው (3፡20)
ይሄ ጥቃቅን ነገር ነው። ሁለቱንም ጽፋችሁ እለፉ። ዋናው ገጽ 3 ነው። አሥሩም ተማሪ 423 ሰው ይጠይቃል ይላል። ምነው? 50 በመቶ ገምቶ፣ 5 በመቶ ስህተት ፈቅዶ፣ 385 አግኝቶ፣ 10 በመቶ መጠባበቂያ መጨመር። እስከ መቼ? የካንሰር ታካሚ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል ብሎ የሚያጠና ልጅ መጀመሪያ መገመት ያለበት ስንት ሞት እንደሚያገኝ ነው። 423 ካርድ ገልብጦ 20 ሞት ካገኘ አሥር ተለዋዋጭ ያለው የኮክስ ሞዴል (የቆይታ ጊዜ መተንተኛው) ምኑ ላይ ይቆማል?

ሁለተኛ ዓመት (3፡26)
423 አማካሪዬ ነው ያለኝ።

የጎንደሩ (3፡40)
አዲስ መረጃ ከመሰብሰብ በፊት ያለውን ብንጠቀምስ? እዚህ ጎንደር፣ ዳባት ወረዳ ከ1996 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ቤት ለቤት ሲመዘገብ ኖሯል። ቡታጅራማ ከዚያም ይቀድማል። እነዚያን ፋይሎች የነካ ተማሪ ስንት ነው?

የሃዋሳው (3፡44)
ዳባት ለዳባት ነው። ኢዲኤችኤስም ቢሆን በፈረንጆቹ የ2016ቱ 645 የቆጠራ ቦታ ነው የወሰደው። ለክልል ይበቃል፣ ለወረዳ አይበቃም። መቀንጨር ከ2000 እስከ 2016 ከ58 ወደ 38 በመቶ ወረደ እንላለን። የእኔ ወረዳ ስንት ላይ እንዳለ ግን ከዚያ አላወጣውም። ገንዘቡ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ገጽ 1 ላይ ይግባ።

የጅማዋ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡10)
ጥቃቅን ነገር ነው ለሚለው። የራሴን ቴሲስ ልንገራችሁ። አንድ ሆስፒታል ውስጥ የኤችአይቪ ታካሚዎች ካርድ ስገለብጥ ከረምኩ። መድኃኒት የተጀመረበትን ቀን ነርሷ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፋዋለች፣ በእኛ። የላብራቶሪው ወረቀት ከማሽን የወጣ ነው፣ በፈረንጆቹ። አንዱ ሰውዬ የጀመረው 12/3/2005 ነው። የመጨረሻ ሲዲ4 (የመከላከያ ሴል ቁጥር) የተለካው 20/6/2013። ስምንት ዓመት ከሦስት ወር ክትትል ላይ የቆየ ጀግና! ኅዳር 12 ቀን 2005 እኮ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21፣ 2012 ነው። ሰውዬው የቆየው ሰባት ወር ብቻ ነው። በተቃራኒው የተጻፈባቸው ደግሞ መድኃኒት ሳይጀምሩ የሞቱ ሆነው ቁጭ አሉ። የስሌት ፕሮግራሙ ስታታ ከስሌቱ አውጥቷቸው ዝም። ዲፌንስ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው ያየሁት።

የጎንደሩ (1፡25)
ጳጉሜስ? መረጃ የምናስገባበት ፕሮግራም፣ ኤስፒኤስኤስ፣ 13ኛ ወር አያውቅም። መረጃ አስገቢዋ 3/13/2007 ብላ ስትጽፍ ሳጥኑ ባዶ ይቀራል። ጳጉሜ ላይ የተወለደ ልጅ ዕድሜ የለውም ማለት ነው።

ዲሲ ያለሁት (1፡41)
ይኸው፣ እኔ ያልኩትን ነው እያረጋገጣችሁ ያላችሁት። አንድ አቆጣጠር፣ እሱም የፈረንጆቹ።

የጅማዋ (1፡43)
እናቲቱ "ልጄ የተወለደው ለመስቀል ማግስት ነው" ስትል ሴፕቴምበር ብለህ ጠይቃት እንግዲህ።

ዶክተር (3፡00)
ልጆች፣ ኢዲኤችኤስም ራሱ የተቀዳው በእኛ ነው። የ2016ቱን ፋይል የከፈተ የቃለ መጠይቁን ዓመት 2008 ሆኖ ያገኘዋል። የወር ኮዱ ላይ (ከ1900 ጀምሮ የተቆጠረ ወር ነው) 92 ትደምራላችሁ፣ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ማለት ነው። ጥር 2008 ኮዱ 1301 ነው። 92 ሲደመርበት 1393፣ ጃንዋሪ 2016። የሕፃን ዕድሜ ለማስላት ግን አያስፈልግም። ልደቱም ቃለ መጠይቁም በአንድ ዘመን ስላሉ ልዩነቱ ያው ነው። ችግሩ የሚመጣው ከኬንያ ፋይል ጋር ስትደርቡት ነው።

ሁለተኛ ዓመት (3፡12)
ዶክተር፣ እኔ ቀንሼ ነበር።

ዶክተር (3፡13)
ቢሮ ና።

ዲሲ ያለሁት (ምሽት 1፡30)
ቁም ነገሩ ገንዘቡ ነው። እኔ ነኝ እዚህ ሰው ፊት የምቀርበው። በማላምንበት ወረቀት አልቀርብም።

የጅማዋ (1፡34)
እዚያ ቁጭ ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው። መዋጮህን ከፍለሃል?

ዲሲ ያለሁት (1፡35)
በዶላር ነው የከፈልኩት!

ገንዘብ ያዥ (1፡50)
የ2016 አልገባም።

ዲሲ ያለሁት (1፡51)
የየትኛው 2016?

ገንዘብ ያዥ (1፡51)
የእኛው።

ዶክተር (2፡10)
ኧረ ተዉ። ለማን ብላችሁ ነው የምትጣሉት?

የጅማዋ (2፡40)
ይቅርታ፣ ተናድጄ ነው። ስለ መዋጮው ማንሳት አልነበረብኝም።

ዲሲ ያለሁት (2፡44)
ምንም አይደል እህቴ። ነገ እልካለሁ። አንድ ነገር ግን ልበል። ለጋሾቹ ለተማሪ በእጅ ብር መስጠት አይወዱም። ሥልጠና ነው የሚወዱት። ይሄ የቀን ጉዳይ ሥልጠና ይወጣዋል። የካርድ ክፍል ሠራተኞችና መረጃ አስገቢዎች ቢሠለጥኑ ለተማሪውም ይጠቅማል።

የጎንደሩ (2፡50)
ደስ ይላል። ቀን መቀየሪያውን ኮድ እኔ በአር (R) ፕሮግራም እጽፈዋለሁ፣ ጳጉሜንም ጨምሮ። ረቡዕ ማታ ይደርሳችኋል።

የሃዋሳው (2፡58)
ሥልጠናው ጥሩ ነው። ግን የመጣንበት ጉዳይ እሱ ነበር እንዴ? ስለ 423ቱ ደግሞ ማንም አልመለሰልኝም።

ጸሐፊ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡00)
ኮዱ የታለ? የጎንደሩ? አንብበኸዋል፣ ምልክቱ ይታየኛል።

ጸሐፊ (ምሽት 3፡15)
እሺ፣ ያለ ኮድ እንሂድ። ረቂቅ 7 ተያይዟል። የሁለት ቀን ሥልጠና፣ 40 ሠልጣኝ። የተማሪዎቹ ገንዘብ ወደ ምዕራፍ ሁለት ተዛውሯል። ቀኑን በሁለቱም ጽፌዋለሁ፣ ማንም ቅር እንዳይለው።

የጅማዋ (3፡22)
የእኛው ፊት ነው የተጻፈው ወይስ በቅንፍ ነው?

ጸሐፊ (3፡23)
በቅንፍ።

የጅማዋ (3፡23)
ገልብጠው።

የሃዋሳው (3፡30)
የወረዳውን ነገር ከገጽ 1 ማን አወጣው?

ጸሐፊ (3፡36)
ከሥልጠናው ጋር አልሄደልኝም። ቦታም አልነበረም።

ሁለተኛ ዓመት (3፡41)
ይቅርታ፣ ምዕራፍ ሁለት መቼ ነው?

ጸሐፊ (3፡43)
መስከረም 2019።

ሁለተኛ ዓመት (3፡44)
እኔ ሰኔ ላይ ዲፌንስ አለብኝ።

ገንዘብ ያዥ (3፡52)
ሻይ ቡናው ለ40 ሰው ነው ወይስ አሠልጣኞቹንም ይጨምራል?