የካርታኼና ሁለት አፎች፦ «ቦካግራንዴ» እና «ቦካቺካ»፤ እንዲሁም «ባሉዋርቴ»

ጥያቄ፦ በኮሎምቢያዋ ካርታኼና ታሪክ «ቦካግራንዴ» እና «ቦካቺካ» ምን ማለት ናቸው? «ትልቅ አፍ» እና «ትንሽ አፍ» ከሆኑ፣ ትልልቅ መርከቦች ለምን በትንሹ ይገባሉ? «ሙራያ» እና «ባሉዋርቴ»ስ ሁለቱም «ምሽግ» ይባላሉ?

መልስ፦ ትርጉሙ ልክ ነው። የዋሻ አፍ፣ የጉድጓድ አፍ እንደምንለው የባሕር ወሽመጥ መግቢያም አፍ ቢባል ያስኬዳል። ቦካግራንዴ በከተማዋና በቲየራ ቦምባ ደሴት መካከል ያለው ሰፊ መግቢያ ሲሆን፣ ቦካቺካ ከደሴቱ በስተደቡብ ያለው ጠባቡ ነው። ነገሩን የገለበጠው አሸዋ ነው። በ1640 ገደማ (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሰፊው አፍ ላይ መርከቦች ሰጠሙ፤ ስብርባሪያቸው አሸዋ እየያዘ መግቢያውን ደፈነው። ከዚያ ወዲህ መርከብ ሁሉ በጠባቡ መግባት ግድ ሆነበት። ለተከላካይ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ጠባብ መግቢያን ከግራና ከቀኝ በመድፍ መዝጋት ይቻላልና። በ1741 የእንግሊዙ አድሚራል ቨርነን ቦካቺካን ሰብሮ ቢገባም ሳን ፌሊፔ ምሽግ ሥር ተሸነፈ፤ ቢጫ ወባም ሠራዊቱን ጨረሰው። ባሕሩ የቦካግራንዴን አሸዋ መልሶ ሲሰብር ደግሞ መሐንዲሱ አንቶኒዮ ዴ አሬባሎ ከ1771 እስከ 1778 ከውኃ በታች የድንጋይ ግድግዳ ሠራበት፤ ሆዱ ጥልቅ የሆነ መርከብ እንዳያልፍ ነው። ዛሬ ቦካግራንዴ የሆቴሎች ሰፈርም ስም ስለሆነ፣ በጽሑፍ ስሙን እንዳለ ትቶ ትርጉሙን አንድ ጊዜ መግለጽ ይሻላል።

ሌላ መልስ፦ «ሙራያ»ንና «ባሉዋርቴ»ን አንድ ማድረግ ስሕተት ነው። «ሙራያ» ከተማውን የሚከብበው ቅጥር ነው። «ባሉዋርቴ» ከቅጥሩ ወደ ውጭ ወጣ ያለ፣ ማዕዘናዊ የመድፍ ግንብ ነው። ቀጥ ያለ ቅጥር ብቻውን ቢቆም ግርጌው የደረሰ ጠላት ከላይ አይታይም፣ መድፍም አያገኘውም፤ ባሉዋርቴው ግን ያንን ግርጌ ከጎን ይመታል። «ምሽግ» እንደ ሳን ፌሊፔ ራሱን ችሎ ለቆመው ይቀመጥ።

ጭማሪ፦ ካርታኼናን ይገዛ የነበረው የስፔን ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊፕ ከቤተ መንግሥቱ መስኮት በመነጽር ወደ ምዕራብ እያየ «ይህን ያህል ወርቅ የበላ ቅጥር ከዚህ ሊታየኝ ይገባል» አለ የሚለው አፈ ታሪክ ነው፤ «አለ» ሳይሆን «አለ ይባላል» ተብሎ ይጻፍ። ንጉሡ የሞቱት በ1598 ነው፤ የሩቅ ማያ መነጽር የታወቀው በ1608፣ ቅጥሩም ያለቀው በ1796 ነው።