ወላጆች ሲለያዩ የልጅን የሥነ ልቦና ምክር ማን ይክፈል?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ ወላጆች ተለያይተዋል፣ የልጁ ቀለብም ምን ያህል እንደሆነ ተወስኗል። ስለ ሥነ ልቦና ምክር ግን በውሳኔውም በስምምነቱም የተጻፈ ነገር የለም። ልጁ ምክር ቢያስፈልገው ወጪውን እኩል ይካፈሉ፣ በገቢያቸው ልክ ያዋጡ ወይስ ሐሳቡን ያመጣው ወገን ይቻለው?

የቤተሰብ ሕግ ጠበቃ፦ በገቢ ልክ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 18 ልጅን ማሳደግ የሁለቱም ወላጆች የጋራ ኃላፊነት መሆኑን ይደነግጋል። በአንቀጽ 27 ደግሞ ለልጁ እድገት የሚያስፈልገውን የኑሮ ሁኔታ እንደ ችሎታቸውና እንደ ገንዘብ አቅማቸው እንዲያሟሉ ይጠብቅባቸዋል። ማን ስንት እጅ ይክፈል የሚለውን ባይቆርጥም፣ እኩል አቅም የሌላቸውን ሰዎች እኩል ክፈሉ ማለት ከዚህ መንፈስ ጋር አይሄድም። የአንዱ ገቢ የሌላው ሦስት እጥፍ ከሆነ ድርሻቸው 75 እና 25 በመቶ ነው፤ ከ12 ቀጠሮ አንዱ የ9ኙን፣ ሌላው የ3ቱን ዋጋ ይሸፍናል። እኩል ከተባለ አቅም ያነሰው ወላጅ አራተኛው አምስተኛው ቀጠሮ ላይ ያቅተዋል፤ ልጁ አማካሪውን ማመን በጀመረበት ሰዓት ይቋረጣል።

የሂሳብ ባለሙያ፦ ጠበቃችን፣ የደመወዝተኛው ገቢ ይታወቃል፤ የራሱን ንግድ የሚያካሂደውስ? በየዓመቱ ገቢህን አሳይ፣ አላሳይም ሲባል የበረደው ጠብ እንደ አዲስ ይነሳል። ግማሽ በግማሽ ከሆነ ግን ደረሰኙን ለሁለት ማካፈል ብቻ ነው። የገቢ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ቀለቡ ራሱ ይስተካከል።

ጠበቃው፦ ቀለቡ ሲወሰን የቀረበ የገቢ ማስረጃ አለ እኮ። ያንኑ መቶኛ ውሰዱ፤ ቀለቡ ሲሻሻል እሱም አብሮ ይሻሻላል።

የልጆች ሥነ ልቦና አማካሪ፦ ከመቶኛው በፊት የሚከፈለው ለምን ለምን እንደሆነ እንለይ፤ ብዙው ጠብ የሚነሳው ከዚያ ነው። መጀመሪያ ግምገማ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀጠሮ ይወስዳል፣ ወላጆችም ለየብቻ ይጠየቃሉ። ቀጥሎ በሳምንት አንዴ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ የሚቆየው መደበኛ ቀጠሮ ይመጣል። ከትንንሾቹ ጋር የሚሠራው በጨዋታ ነው። «ሲጫወት ነው የዋለው» ብሎ ክፍያ የሚያቆም ወላጅ አለ፤ በዚያ ዕድሜ ግን ልጅ የልቡን የሚያወጣው በጨዋታው ስለሆነ ሥራው ያ ነው።

የወላጆች ቀጠሮም አለ፤ ይህን በጀት ውስጥ የሚያስገባው ጥቂት ሰው ነው። ልጅን ክፉኛ ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ ከመለያየቱም በኋላ በወላጆቹ መካከል የሚቀጥለው ጠብ ነው፤ እነሱ ካልተነጋገሩ አማካሪው በሳምንት አንድ ሰዓት የሚገነባው በቀሪው ቀን ይፈርሳል። የቀረ ቀጠሮም ያስከፍላል። ብዙ አማካሪዎች 24 ወይም 48 ሰዓት አስቀድሞ ካልተነገራቸው ሙሉውን ያስቡታል። ይህ በመቶኛ ሊካፈል አይገባም፤ በዚያ ቀን ልጁ እጁ ላይ የነበረው ወላጅ ይክፈለው።

ለፍርድ ቤት የሚጻፍ ሪፖርት ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ልጁን የሚረዳው ሰው «ልጁ ከማን ጋር ይኑር» የሚለውን መገምገም የለበትም። ሁለቱን ከደረበ ልጁ የሚናገረው ሁሉ ማስረጃ ይሆናል፤ ልጁም ይህ ሲገባው አፉን ይዘጋል። ግምገማው በሌላ ባለሙያ፣ በሌላ ክፍያ ይሁን።

ሐሳቡን ያመጣው ይክፈል ባይ፦ እህቴ፣ ዝርዝሩን ተቀብያለሁ። ሳይጠየቅና ሳይፈርም ከሦስት ወር በኋላ የደረሰኝ ክምር የሚላክለት ወላጅስ? አንዱ ውድ አማካሪ መርጦ ሂሳቡን ለሌላው መላክ ከቻለ፣ ምክሩ የልጁ መሆኑ ቀርቶ የመጎዳጃ መሣሪያ ይሆናል። የሚከፍል ሰው ደግሞ ልጁ ምን እንዳለ ማወቅ አለበት።

አማካሪዋ፦ በመጨረሻው አልስማማም። የሚከፍል ወላጅ ልጁ በቀጠሮው መገኘቱን፣ የተያዘውን ግብ፣ አጠቃላይ መሻሻሉንና የሚያሰጋ ነገር ካለ እሱን ማወቅ አለበት። የልጁን ቃል ግን አይደለም። ልጅ ንግግሩ ወደ ወላጆቹ እንደሚሄድ ካወቀ ሁለቱንም የሚያስደስት መልስ መስጠት ይጀምራል፤ ያኔ ገንዘባችሁ ውኃ በላው። የምስጢሩ ወሰን ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበት። ወጪውንም ልጁ ፊት አታንሱ፤ ከፍ ያሉት ልጆች ይህን ሲሰሙ «ደኅና ነኝ» ብለው ያቆማሉ።

አስማሚ፦ የደረሰኝ ክምሩ ቅሬታ እውነተኛ ነው፤ መፍትሔው ግን ሥርዓት ማበጀት ነው። አንዱ ወላጅ የሦስት ባለሙያዎችን ስም ከነዋጋቸውና ከነሥራ ፈቃዳቸው በጽሑፍ ያቅርብ፤ ሌላው በ10 ቀን ውስጥ አንዱን ይምረጥ። ዝም ካለ አቅራቢው ይምረጥ፣ የዝምተኛውም ድርሻ ይታሰብበት። የመጀመሪያው ፈቃድ ለ12 ቀጠሮ ብቻ ይሁን፤ 10ኛው ላይ ከአማካሪው ጋር ተነጋግረው መቀጠል አለመቀጠሉን ይወስኑ። 10ኛው ያልኩት ማቆም ከተወሰነ ለስንብት ሁለት ቀጠሮ እንዲተርፍ ነው፤ አንድ ወላጁ ከቤት ለወጣበት ልጅ አማካሪውም በድንገት ሊጠፋበት አይገባም። ደረሰኝ በ14 ቀን ይላክ፣ ድርሻም በ14 ቀን ይከፈል። ሁለቱም ድርሻቸውን በቀጥታ ለአማካሪው ቢከፍሉ ደግሞ ይበልጣል፤ አንዱ የሌላው አበዳሪ አይሆንም።

የሂሳብ ባለሙያው፦ ኢንሹራንስ ካለ መጀመሪያ እሱ የሚሸፍነው ይቀነስ። ወጪው 100 ሆኖ ኢንሹራንሱ 60 ከከፈለ የሚካፈለው 40 ነው፤ በጠበቃችን ስሌት 30 እና 10። ውሉን ግን አንብቡ። አስቀድሞ ፈቃድ የሚጠይቅ አለ፣ የምርመራ ውጤት ካልተጻፈ የማይከፍል አለ፣ የልጁን ቀጠሮ ሸፍኖ የወላጆችን የሚተው አለ። የክፍያ መግለጫውም ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ኢንሹራንሱ በስሙ ለሆነው ወላጅ ነው፤ የአገልግሎቱን ቀንና ዓይነት ያያል። በምስጢሩ ስምምነት ላይ ይህም ይግባ።

የትምህርት ቤት አማካሪ፦ ሁላችሁም ምክሩ የግድ ነው ብላችሁ ነው የጀመራችሁት። አብዛኞቹ ልጆች ጊዜና ሰላም ካገኙ ይላመዳሉ። እንቅልፍ ማጣት፣ ያቆመው አልጋ ማርጠብ መመለሱ፣ የትምህርት መውደቅ፣ ከጓደኛ መራቅ ለሳምንታት ከዘለቀ ግን አትጠብቁ። ትምህርት ቤቱ አማካሪ ካለው ከእሱ መጀመር ይቻላል፤ በየሳምንቱ የተወሰነ ሰዓት ለአንድ ልጅ መስጠት ግን ይከብደዋል።

ሐሳቡን ያመጣው ይክፈል ባይ፦ የ12 ቀጠሮውን ገደብ እቀበላለሁ። ዝምታ እንደ ፈቃድ መቆጠሩን ግን አልቀበልም። የታመመ ወይም ለሥራ ርቆ የሄደ ሰው 10 ቀን ሳያውቀው ያልፈዋል። ቢያንስ 21 ይሁን።

ጠበቃው፦ በቀኑ ቁጥር መነጋገር ይቻላል። ልጁ ራሱን ስለመጉዳት ከተናገረ ግን የትኛውም የቀን ገደብ አይሠራም። አብሮት ያለው ወላጅ ያኔውኑ ይውሰደው፣ ይክፈል፣ ለሌላው በዚያው ዕለት ያሳውቅ፤ ድርሻው በኋላ ይተሳሰባል። ይህ በስምምነቱ ለብቻው አንቀጽ ይሁን።

ሐሳቡን ያመጣው ይክፈል ባይ፦ በዚህ አልከራከርም።

አስማሚው፦ 21 ቀን እንቅልፍ ላጣ ልጅ ረጅም ነው። 14 ይሁንና በ7ኛው ቀን ማስታወሻ ይላክ፤ ቆጠራውም ደብዳቤው መድረሱ በፊርማ ከተረጋገጠበት ቀን ይጀምር።