ወንድሜ ከተያዘ 48 ሰዓት አለፈው፣ ፍርድ ቤት አላቀረቡትም። የት ልሂድ?

እህት ዓለም (ጠያቂ)፦
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ወንድሜን ሐሙስ ማታ ከሥራ ሲመለስ ፖሊስ ይዞት ሄደ። አሁን ቅዳሜ ማታ ነው። ዛሬ ምግብ ሳስገባ ለአፍታ አየሁት። ዓይኑ አብጧል፣ ግራ እጁን ማንሳት አቅቶታል። መርማሪው "ሰኞ ነይ" ብሎ መለሰኝ። በምን እንደጠረጠሩት የሚነግረኝ የለም። ጠበቃ የለንም። እንዴት ላስወጣው? የደበደበውንስ ለማን ልክሰስ?

ቀበናው፦
አይዞሽ እህቴ። ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አመልክቺ።

የሕግ ተማሪ፦
ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ግልጽ ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሁድ አይቆጠርም የሚል ቃል የለውም። የተያዘበት ምክንያት ወዲያው ሊነገረው ይገባል። ዝም የማለት መብት አለው። ተገዶ የሰጠው ቃል ማስረጃ አይሆንም። በአንቀጽ 21 ደግሞ ቤተሰብ፣ ሐኪም፣ የሃይማኖት አባትና ጠበቃ ሊጎበኙት ይችላሉ። 48 ሰዓቱ በንጉሡ ዘመን በወጣው የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግም ውስጥ ያለ ነው። ትናንት የመጣ አይደለም።

እህት ዓለም፦
እግዜር ይስጥልኝ። ግን ነገ እሁድ ነው። ጠዋት በየትኛው በር ነው የምገባው?

ሰላም ወዳድ፦
ይቅርታ አድርጊልኝና ፖሊስ ዝም ብሎ ሰው አይዝም። እኛ ሰፈር በስልክ ነጣቂ ተማረናል። ምን አድርጎ እንደተያዘ ሳትነግሪን ፖሊስን ብቻ መውቀስ ልክ አይደለም።

እማማ ቡና፦
ልጄ፣ እሷም እኮ ያጣችው ይህንኑ የሚነግራት ሰው ነው። ቢሰርቅ እንኳ ዳኛ ይፍረድበት። ክንዱን መስበር የማን ፍርድ ነው? አንቺ ልጄ፣ ነገ ምግቡን ለአራት ሰው አድርጊው። እዚያ ውስጥ ማንም ብቻውን አይጎርስም፤ አብረውት የበሉት ሌሊት ይጠብቁልሻል። ብርድ ልብስም አትርሺ።

ቶሎ መፍትሔ፦
ለመርማሪው የሻይ ነገር ብታደርጊለት ዛሬውኑ ያልቅ ነበር።

የቀድሞ ፖሊስ፦
እህቴ፣ ይህን እንዳታደርጊ። ጉቦ ራሱ ወንጀል ነው፣ አንቺንም ያስይዝሻል።

ዘመኔን በፖሊስ ሥራ ነው የጨረስኩት፣ የነገውን ልንገርሽ። መርማሪውን ተይውና የጣቢያውን ኃላፊ፣ ከሌለ ተረኛ መኮንኑን አናግሪ። በትሕትና ጠይቂ፦ በስንት ሰዓት ተያዘ ተብሎ ተመዘገበ? በምን ወንጀል? ሰዓቱ ላይ ጠንቀቅ በይ። 48ቱ ከዚያ እንዲቆጠር ዘግይቶ የሚጻፍበት ጊዜ አለ። ሲያዝ ያዩ ጎረቤቶች ካሉ ስማቸውንና ሰዓቱን ዛሬ ማታ ጻፊ። ጉዳዩ ቀላል ከሆነ ከጣቢያ በዋስ ሊለቁት ይችላሉ፤ መታወቂያ ያለው ዋስ ይዘሽ ሂጂ።

ከዚያ እንዲታከም በጽሑፍ አመልክቺ፣ ቅጂው እጅሽ ላይ ይቅር። እብጠት ይጠፋል፣ የሐኪም ወረቀት ግን ይቆያል።

ችሎት ሲቀርብ ፖሊስ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቅበታል፤ ምርመራዬን እስክጨርስ ታስሮ ይቆይልኝ ማለት ነው። ሕጉ በአንድ ጊዜ እስከ 14 ቀን ይፈቅዳል። ወንድምሽ ያኔ "ተደብድቤአለሁ፣ ጉዳቴ ይታይልኝ፣ መዝገብ ላይ ይስፈርልኝ" ይበል። ብዙ ልጆች ወደዚያው ጣቢያ እንመለሳለን ብለው ፈርተው ዝም ይላሉ። ዝም ካለ በኋላ ማስረዳት ከባድ ነው። ሰኞም ካላቀረቡት፣ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ የሚባል አለ፤ ያለ ሕግ የታሰረ ሰው እንዲፈታ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ነው። በቃለ መሐላ አስደግፈሽ አንቺው ልታቀርቢው ትችያለሽ። የትኛው ምድብ እንደሚቀበልሽ የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ይነግርሻል።

ስለ ደብዳቢው፦ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 ወንጀል ነው። ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ሕግ አልጎደለንም። የጎደለን የሚመረምረው ሰው ነው። አቤቱታሽ ለፖሊስ ኢንስፔክሽን ብቻ ከገባ የሚያየው የሥራ ባልደረባው ነው። ስለዚህ ለዓቃቤ ሕግም፣ ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም፣ ለእንባ ጠባቂም አስገቢ። ኮሚሽኑ ሳያሳውቅ ጣቢያ ገብቶ ማየት ይችላል። መክሰስ ግን አይችልም። ማዕከላዊ የሚባለው የምርመራ እስር ቤት በ2010 ሲዘጋ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር። ግቢው ተዘጋ። ከፖሊስ ውጭ ሆኖ ፖሊስን የሚመረምር ራሱን የቻለ አካል ግን አልተተከለም። ይህ እስኪሆን ማሻሻያ የሚባለው ስልጠናና የደንብ ልብስ ነው።

እህት ዓለም፦
ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ጎረቤታችን ሲይዙት በስልኳ ቀርጻለች። ፌስቡክ ላይ ልልቀቀው?

የሆሎን ልጅ፦
ቆይ፣ አትልቀቂው! መጀመሪያ ሌላ ቦታ ላለ ዘመድ ላኪ፣ ዋናው ከነቀኑና ሰዓቱ ይቀመጥ። የጎረቤትሽን ፈቃድም ጠይቂ፤ ነገ እሷን ነው የሚፈልጉት። እዚህ እስራኤል በ2015 እ.ኤ.አ. እኛ ከተማ ፖሊስ አንድ ቤተ እስራኤል ወታደር ሲደበድብ ካሜራ ቀረጸው። በቪዲዮው ምክንያት ሺዎች ቴል አቪቭ ወጡ። በዚያው ዓመት ግን በፖሊሱ ላይ የተከፈተው ፋይል ተዘጋ። እዚህ ፖሊስን የሚመረምረው ክፍል በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው፤ እንዲያም ሆኖ። ቪዲዮ ከሐኪም ወረቀትና ከምስክር ጋር ሲሆን ነው የሚጠቅመው።

ቀበናው፦
ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሂጂ ብያለሁ።

እህት ዓለም (እሁድ፣ ጠዋት 3 ሰዓት)፦
ኃላፊው የለም። ተረኛው መዝገቡን አሳየኝ። ዓርብ ጠዋት 2 ሰዓት ተያዘ ይላል! ሐሙስ ማታ እኮ ነው የያዙት!

የቀድሞ ፖሊስ፦
ያልኩሽ ይህንን ነው። አትጨቃጨቂ። በራሳቸው መዝገብም ቢሆን ዛሬ 2 ሰዓት ላይ 48ቱ ሞልቷል። አቤቱታው ላይ ሁለቱንም ሰዓት ጻፊ፣ የጎረቤትሽን ምስክርነት አያይዢ። ለሕክምናውስ ምን አሉሽ?

እማማ ቡና (ረቡዕ)፦
ልጄ፣ አቀረቡት? ድምፅሽ ጠፋ።

የሕግ ተማሪ፦
ጠበቃ ካላገኛችሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የሐኪሙን ወረቀትና የአቤቱታውን ቅጂ ይዘሽ ሂጂ።