በክር የተንጠለጠለው ጠረጴዛ ወረደብኝ፤ የለቀቀው ክሩ ነው ቋጠሮው?

እንጨት ወዳጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አየር ላይ የቆመ የሚመስለውን ትንሽ ጠረጴዛ ሠርቻለሁ። መሠረቱም ፊቱም 30 በ30 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ ነው። ከታችኛው ጣውላ አንድ ክንድ ወደ ላይ፣ ከላይኛው ሌላ ክንድ ወደ ታች ይወጣና መሃል ላይ ይተላለፋሉ። ጫፎቻቸውን የ6 ሴንቲ ሜትር ክር ያያይዛቸዋል። ዳር ዳሩን ደግሞ ሦስት ክሮች አሉ፤ ከመሃል 12 ሴንቲ ሜትር ርቀዋል፣ ርዝመታቸው 28 ነው። ሁሉም 0.8 ሚሊ ሜትር የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ናቸው። መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። 2 ኪሎ የሚመዝን የአበባ ማሰሮ አስቀምጬበት ባደረ ማግስት ግን ፊቱ 1 ሴንቲ ያህል ወረደ፣ የዳር ክሮቹ ላሉ፣ በጣት ሲነኩት ግራ ቀኝ ይዞራል። ወፍራም ክር ልቀይር?

ቱምቢ

ገና አትቀይር። ከመሃሉ ክር በቀር ፊቱን የሚሸከም ነገር የለም። የዳር ክሮቹ እንዳይገለበጥ ወደ ታች ነው የሚጎትቱት፤ ስለዚህ እነሱን ባጠበቅህ ቁጥር የመሃሉ ሸክም ይጨምራል። ፊቱ ከነክንዱ 1.5 ኪሎ፣ ማሰሮው 2 ኪሎ፣ እያንዳንዱ የዳር ክር 1 ኪሎ ያህል ቢወጠር የመሃሉ ክር 6.5 ኪሎ ተሸክሟል ማለት ነው።

የሚለቀው ከሦስት አንዱ ነው፦ ክሩ ይለጠጣል፣ ቋጠሮው ይንሸራተታል፣ ወይም ክንዱ ይጎብጣል። ለመለየት ስክሪብቶና ማስመሪያ ይበቃል። ማሰሮውን አንሳና የመሃሉ ክር ላይ ከላይኛውም ከታችኛውም ቋጠሮ ሥር ነጥብ አድርግ፤ በነጥቦቹ መካከል ያለውን ርቀት ለካ። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ክንድ ጫፍ እስከ ራሱ ጣውላ ያለውን ለካ። ማሰሮውን መልሰህ አሳድረው። የነጥቦቹ ርቀት ከሰፋ ክሩ ተለጥጧል። ነጥቡ ከቋጠሮው ርቆ ከተገኘ፣ የተረፈው ጭራም ካጠረ፣ ቋጠሮው ነው። የክንዱ ጫፍ ወደ ራሱ ጣውላ ከተጠጋ ክንዱ ነው። ሁለቱ ወይም ሦስቱም አብረው ሊሆኑ ይችላሉ፤ የወረደው ልክ የሁሉም ድምር ነው።

ሲባጎ

ቱምቢ ያለውን ለካ፤ እኔ ግን ናይለኑን ከወዲሁ እጠረጥረዋለሁ። ናይለን ሸክም ሲውል ሲያድርበት ቀስ እያለ ይረዝማል፣ እርጥበትም ይጠጣል። ብታወፍረው መርዘሙ ይቀንሳል እንጂ አይቆምም። ለመሃሉ 1 ሚሊ ሜትር ብዙ ቀጭን ሽቦ የተገመደበት የብረት ገመድ ተጠቀም፤ ጫፉን አትቋጥረው፣ በትንሽ የብረት እጅጌ አሳልፈህ በመጭመቂያ ፒንሳ ጨምቀው። ለዳሮቹ የተጎነጎነ የፖሊስተር ክር ይበቃል። ዳይኒማ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር መለጠጡ እጅግ ትንሽ ነው፤ ችግሩ ሙልጭልጭ መሆኑ ነው፣ ተራ ቋጠሮ ውስጥ አይቆይም። በስምንት ቁጥር ቋጠሮ ቀለበት ሥራለትና ቢያንስ 3 ሴንቲ ጭራ ተውለት። በፈጣን ማጣበቂያ ላጽናው አትበል፤ ክሩ ይደርቅና ማጣበቂያው ባለቀበት ቦታ ይሰበራል።

ክሩ የሚያልፍበትን ቀዳዳ አፍም እይ። መሰርሰሪያ የተወው ስለት ክር ይበላል፤ በሰፊ መሰርሰሪያ ጫፍ ሁለት ሦስት ዙር ብታዞርበት ስለቱ ይጠፋል።

ሦስት ዘንግ

መዞሩ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ክር መቀየር ብቻውን አያድነውም። ቀጥ ብለው የቆሙ ክሮች መዞርን የሚከላከሉት በውጥረታቸውና ከመሃል ባላቸው ርቀት ነው፤ ርቀቱ ደግሞ በካሬ ነው የሚቆጠረው። ከ12 ወደ 14 ሴንቲ ብትወስዳቸው ጥቅሙ 36 በመቶ ነው። አራት አድርገህ ወደ ማዕዘኖቹ፣ ከመሃል 19 ሴንቲ ላይ ብታስቀምጣቸው ግን ውጥረታቸው እኩል እስከሆነ ድረስ ከአሁኑ ከ3 እጥፍ በላይ ይጠነክራል። አራተኛ ክር ግን ዋጋ ያስከፍላል፦ ፊቱን በሦስት ነጥብ ብቻ ማስያዝ ስለሚቻል፣ ርዝመቱ በ1 ሚሊ ሜትር ከተዛነፈ አንዱ ላልቶ ይቀራል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ክር ሥር የሚዞር ባለ ቀለበት ብሎን አስገባበት።

ስትገጥመው ፊቱን በትክክለኛው ከፍታ ላይ በመጻሕፍት ደግፈው። ከላይኛው መስቀያ ቱምቢ (በክር የታሰረ ክብደት) ጣልና የታችኛው መስቀያ በቀጥታ ሥሩ መሆኑን አረጋግጥ፤ ካልሆነ ድጋፉ ሲነሳ ፊቱ ወደ ጎን ይሸሻል። መጀመሪያ የመሃሉን እሰር፣ የዳሮቹን ላላ አድርገህ አያይዝ፣ መጻሕፍቱን አውጣ፤ ከዚያ ብሎኖቹን እንደ መኪና ጎማ ተራ በተራ ሩብ ሩብ ዙር አጥብቅ። አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው አትሂድ። ክሮቹ እኩል ርዝመትና አንድ ዓይነት ስለሆኑ እንደ ክራር በጣት ነካ ነካ አድርጋቸው፤ ድምፃቸው ሲገጥም ውጥረታቸውም ገጥሟል።

(ለጨዋታ ያህል፦ ይህን ዓይነት ሥራ በ1948 (እ.ኤ.አ.) ገና ተማሪ ሳለ የጀመረው ቀራፂው ኬኔት ስኔልሰን ነው። «ቴንሴግሪቲ» የሚለውን ስም ያወጣለት መምህሩ በክሚንስተር ፉለር ነው። በዋሽንግተን የሂርሽሆርን ሙዚየም ያለው የ1968ቱ የስኔልሰን ሥራ፣ የመርፌ ግንብ፣ 18 ሜትር ያህል ይቆማል፤ የአሉሚኒየም ቱቦዎቹ እርስ በርስ አይነካኩም። በዚያ ሚዛን የእኛ ጠረጴዛ ትንሽ ያጭበረብራል፤ ክንዶቹ ይጎብጣሉና። ንጹሑን መሞከር የፈለገ ሦስት የ26 ሴንቲ ዘንጎች ይውሰድ፤ ከላይና ከታች ጎናቸው 15 ሴንቲ የሆነ ሁለት የክር ሦስት ማዕዘን፣ በመካከላቸው ሦስት የ20.4 ሴንቲ ክር። የላይኛው ሦስት ማዕዘን ከታችኛው 30 ዲግሪ ዞሮ ራሱ ይቆለፋል፣ ቁመቱም 20 ሴንቲ ይሆናል።)

እንጨት ወዳጅ

ለካሁ። የመሃሉ ክር ከ60 ወደ 64 ሚሊ ሜትር ረዝሟል። ቋጠሮው ንቅንቅ አላለም። የታችኛው ክንድ ጫፍ 4 ሚሊ ሜትር፣ የላይኛው 2 ወደየራሳቸው ጣውላ ተጠግተዋል። ክንዶቹ ከዚያው ባለ 12 ፕላይውድ የተቆረጡ ናቸው፤ ወርዳቸው 3 ሴንቲ ነው፣ ከጣውላው ጋር በኮላና ከሥር በገባ አንድ ብሎን ተያይዘዋል።

ቱምቢ

ድምሩ ልክ 10 ነው፤ ከግማሽ በላዩ የክንዶቹ ጥፋት ነው ማለት ነው። ክሩን ብቻ ቀይረህ ቢሆን ችግሩ አብሮህ ይቆይ ነበር።

የታችኛው ክንድ ከላይኛው የበለጠ መጠጋቱ መጋጠሚያውን ያስጠረጥራል። ማሰሮው ላዩ እንዳለ በክንዱ ግርጌ፣ ክንዱ ከሚያዘነብልበት በተቃራኒው ጎን፣ ቀጭን ወረቀት ለማስገባት ሞክር። ከገባ መጋጠሚያው እየተከፈተ ነው። አንድ ብሎን ክንዱን ዙሪያውን ከመዞር አያግደውም፤ የፕላይውድ ጠርዝ ደግሞ ብሎን አጥብቆ አይዝም፣ ሽፋኖቹ ይላቀቃሉ። ጣውላውን 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቀዳዳ በስተህ የክንዱን ግርጌ አሳልፈውና በኮላ አጣብቅ። መብሳት ካልፈለግህ ሁለት ባለ 4 ሚሊ ሜትር ብሎን በተቻለ መጠን አራርቀህ አስገባ፤ አስቀድመህ በ2.5 ብሳው።

ክንዱን እንደገና ከቆረጥክ ወርዱን ከ3 ወደ 4 ሴንቲ አሳድግ፤ ጥንካሬው 2.4 እጥፍ ያህል ይጨምራል። ሁለት ፕላይውድ ብታደርብ የምታገኘው 2 እጥፍ ብቻ ነው፣ በዚያ ላይ ያከብደዋል፣ ያስጠላል። የክንዱን ውስጠኛ ማዕዘን ሹል አድርገህ አትቁረጠው፤ በሳንቲም ዙሪያ ልክ ክብ አድርገው፣ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው።