አስቸኳይ፦ ጅቡቲ ላይ ጀልባችን ተሰረዘ፣ በሁለት ቀን ምን እንይ?

ሊያ_ለቡ፦
ሰላም ናችሁ፣ ቶሎ መልሱልኝ እባካችሁ። ጅቡቲ ከተማ ነን። ነገ ጠዋት በጀልባ ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ልናይ ነበር፤ አሁን ንፋስ ስላለ ተሰርዟል ብለው ቴክስት ላኩ። ቀብዱን ቅዳሜ እንመልሳለን ይላሉ፣ እኛ ደግሞ ቅዳሜ በጠዋት ተመላሽ ነን። ሐሙስና ዓርብ ባዶ ቀሩ። መኪናውን ዛሬ ማታ ነው የምንረከበው። ሐይቁ ይሻላል ወይስ ያ ጭስ የሚወጣባቸው ድንጋዮች ያሉበት?

ጨው_በረንዳ፦
የትኛው ሐይቅ? ጭስ ያለበትም ሐይቅ ነው፣ ስሙ አቤ ነው። ሌላኛው አሳል ነው። መኪናው ምንድን ነው? ስንት ናችሁ?

አቦ_ድሬ፦
አሳል አቦ! ጨው ላይ ተንሳፈፉ፣ አለቀ።

ሊያ_ለቡ፦
አራት ነን። እማዬ አብራን አለች፣ ጉልበቷን ያማታል። መኪናው ቪትዝ ነው።

ጨው_በረንዳ፦
በቪትዝ አቤ? ሃሃሃ። እርሺው እህቴ። እስከ ዲኪል አስፋልት ነው፤ ከዚያ በአስ ኤላ በኩል አሸዋና ጠጠር፣ ሐይቁ ዳር ደግሞ ከላይ የደረቀ የሚመስል ጭቃ አለ። ፎር ዊል ድራይቭና መንገዱን የሚያውቅ ሰው የግድ ነው። እስከ 50 ሜትር የሚቆሙት ድንጋዮች የሚያምሩት ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅና ስትወጣ ስለሆነ እዚያው ማደር አለባችሁ። የአዋሽ መጨረሻ ስለሆነ ለእኛ ሰው መታየት ነበረበት፣ ግን በዚህ ጉዞ አይሆንም።

መምህር_ዘባሕር፦
በቅድሚያ ስለ ዌል ሻርክ ግንዛቤ ቢኖር መልካም ነው። ዓሣው ሰው አይበላም፤ ፕላንክተን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን፣ አጣርቶ ነው የሚመገበው። ከኅዳር እስከ ጥር በጉቤት የባሕር ወሽመጥና በአርታ አካባቢ የሚታዩት አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ናቸው። አይነካም፣ ከፊቱ አይቆምም፣ ቢያንስ 3 ሜትር ከአካሉ፣ ከጭራው ደግሞ 4 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። ፍላሽ ክልክል ነው። ጀልባው እያሳደደ ከሆነ ካፒቴኑን አስቁሙት። የፀሐይ ቅባት ከመቀባት ረጅም እጅጌ መልበስ...

ሊያ_ለቡ፦
አመሰግናለሁ መምህር፣ ግን ጀልባው እኮ የለም።

ንፋስ_ቆራጭ፦
እኔ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። ጀልባው ስለተሰረዘ ዌል ሻርክ ቀረ ማለት አይደለም። ከከተማ የሚነሳው ጀልባ ባሕረ ሰላጤውን ለረጅም ሰዓት ይጓዛል፣ በንፋስ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። በመኪና አርታ ድረስ ሄዳችሁ ወደ ባሕሩ ዳር ብትወርዱ፣ ከዚያ በትንሽ ጀልባ ቅርብ ነው። ዓርብ ጠዋት ሞክሩ።

ጨው_በረንዳ፦
ንፋሱ ከምሥራቅ ከሆነ አርታም ይመታል ወንድሜ። ደግሞ ሞገድ ሲበረታ ውሃው ይደፈርሳል፣ ገብተውም ላያዩ ይችላሉ። ላይፍ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ እናትን ይዞ መውጣት ደግሞ አይሞከርም።

ንፋስ_ቆራጭ፦
ሞክሩ አልኩ እንጂ ዝለሉ አላልኩም። በጠዋት ባሕሩ ይረጋል፤ ሐሙስ ማታ ደውላችሁ ጠይቁ፣ ነጭ አረፋ ካያችሁ ተመለሱ። ቀጠሮ ስትይዙ ሰዓቱን በፈረንጅ መሆኑን አረጋግጡ። ካፒቴኑ 7 ሰዓት ካለ በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ ሐበሻ በቀትር መጥቶ ጀልባ አጣሁ ሲል የተለመደ ነው።

አቦ_ድሬ፦
አሳል አልኩ እኮ።

የጋላፊ_መንገድ፦
እሺ አሳልን በደንብ እንንገራት። ሐሙስ ሂዱ፤ ዓርብ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው። ብር አትመኑ፣ ዛሬውኑ ፍራንክ ያዙ፦ ዶላሩ 177 ፍራንክ ገደማ ነው፣ ምንዛሬው ለአሥርት ዓመታት አልተቀየረም። ነዳጁን ከተማ ውስጥ ሙሉት። መኪናውን ስትረከቡ ስኮርታው ንፋስ መያዙን በእጃችሁ ጫኑት፣ ክሪኩና የጎማ መፍቻው መኖሩን እዩ። በጋላፊ መንገድ ወጥታችሁ ዌአን ስታልፉ ወደ ታጁራ በሚወስደው ቀኝ ተገንጠሉ። ከባድ መኪና ይበዛል፣ ኩርባ ላይ አትቅደሙ። ጉቤትን ከላይ ስታዩ መሐሉ ላይ ያለችው ደሴት የሰይጣን ደሴት የሚሏት ናት፣ እዚያ ቁሙ። ከዚያ እስከ ሐይቁ የምታዩት ጥቁር ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ነው፤ አርዱኮባ በ1978 በፈረንጅ ፈንድቶ ነበር።

ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ ስለሆነ መግቢያው ቁልቁለት ነው። በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ፣ ፍሬን ላይ አትደገፉ። ስትመለሱ ዳገቱ ላይ የሙቀቱ ጠቋሚ ከመሐል ካለፈ ኤሲውን አጥፉ፣ ማሞቂያውን እስከ ጥግ ክፈቱ። ይሞቃችኋል፣ ሞተሩ ግን ይተነፍሳል። ቀዩ ውስጥ ከገባ አቁሙ፣ ኮፈኑን ክፈቱ፣ የራዲያተሩን ክዳን ግማሽ ሰዓት እንዳትነኩ። ጨው ላይ መኪና አይነዳም፣ ይሰምጣል።

ኪያ_ነርስ፦
በዚያ ላይ፦ ለመታጠቢያ ብቻ በሰው 5 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ የሚጠጣው ለብቻው። እዚያ ቧንቧም ጥላም የለም። ጫማ ሳታወልቁ ግቡ፣ የጨው ስለቱ እግር ይቆርጣል። የዚያን ቀንና ከዚያ በፊት ባለው ቀን ፀጉር አትላጩ። በጀርባ ብቻ ተኙ፣ በሆድ ከተገለበጣችሁ ለመነሳት ያስቸግራል። ዓይን ውስጥ ከገባ አትሹት፣ እጃችሁም ጨው ነው፤ አንድ ሰው ዳር ላይ የተከፈተ ውሃ ይዞ ይቁም። ለእማማ የምትታጠፍ ወንበር ያዙ፣ ጥልቅ ባልሆነው ዳር እግራቸውን ነክረው ይቀመጡ። ስልክ ዳር ይቅር፣ ጨው ቻርጅ መሰኪያው ውስጥ ከደረቀ አለቀ። መኪናው ወንበር ላይ ፌስታል አንጥፉ፣ አለበለዚያ አከራዩ ቀብዱን በዚያ ይይዘዋል።

ሊያ_ለቡ፦
ኡፍ፣ ተባረኩ! ሾፌር ብንይዝስ? የእማዬ ፍራቻ ነው።

የጋላፊ_መንገድ፦
ይቻላል፣ ግን በጠዋት ተነስቶ እስከ ቀትር የሚመልሳችሁ ይሁን። ጫቱ ከእኛ አገር የሚደርሰው በቀትር ነው፤ ከዚያ በኋላ ሾፌሩ ሐሳቡ መንገዱ ላይ አይሆንም።

አቦ_ድሬ፦
ማታ ደግሞ የየመን ዓሣ! ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ ምድጃ ውስጥ የገባ፣ ከነቂጣው። እማማን ቀስ እያላችሁ ምኒልክ አደባባይ አዙሯቸው፣ ስሙ ከተቀየረ ቆየ ግን ሰው አሁንም ምኒልክ ነው የሚለው። ወደቡንና ወታደር ያለበትን ፎቶ አታንሱ፣ ካሜራ ይወስዳሉ።

መምህር_ዘባሕር፦
ቀብዱን በተመለከተ፣ ስረዛው የደረሳችሁን ቴክስት አታጥፉ። ዛሬ ማታውኑ ቢሮአቸው ሄዳችሁ በጥሬው ጠይቁ፣ ቅዳሜን አትጠብቁ።

ቶማስ_22፦
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ መጋቢት ላይም ዌል ሻርክ አለ?

ጨው_በረንዳ፦
ከላይ ተጽፏል ወንድሜ፣ አንብብ።